የሐቢባ ጉልበት

ወንድሜ ለሐቢባ የሚታጠፍ ጉልበት እንደሠራላት ያወቅኩት በጣውላው ግድግዳ ስንጥቅ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሆነም። እሱ በረንዳው ላይ ነው፤ እሷ ከእናቷ ጋር መጥታለች፤ እኔ ጓዳ ቁጭ ብዬ እግሬን አስራለሁ። «ዝቅ በይ፣ አትፍሪ፣ ይይዝሻል» ይላታል። ከዚያ እናቷ እማማ ኡምሰልማ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ምን ተገኘ ብዬ ዓይኔን ስንጥቁ ላይ ለጠፍኩት። ሐቢባ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካለች። በሁለቱም ጉልበቷ፤ አላህ በሰጣትም፣ ወንድሜ በሰጣትም። ግንባሯን መሬት አስነካች፣ ተነሳች፣ እንደገና ወረደች። ወንድሜ ይልቃል አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ እንደ ሕፃን ይስቃል። የእግሯን የቆዳ ኪስ፣ ጭኗ የሚገባበትን ማለቴ ነው፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ብረቱን ግን በባቡሩ ጋራዥ ሆኖ ነው የሠራው። አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ አብረን ስንበላ ጉልበት የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም።

እኔ እሱ የሠራውን እግር ስለብስ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አራት እግር ጨርሻለሁ። የመጀመሪያውን የሠራው አዲስ አበባ የምሕንድስና ተማሪ ሳለ፣ ለክረምት መጥቶ፣ የቢራ ሳጥን አፍርሶ ነው፤ ጭኔን ልጦኝ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ሁለተኛው የዋንዛ ነበር፣ ከበደኝ። ሦስተኛው ቀለለኝ፣ ግን ገበያ መሃል ለሁለት ተከፈለ፤ የሽንኩርት ክምር ላይ ወደቅኩ፤ ሴትዮዋ የሽንኩርቷን አስከፈለችኝ። አራተኛው ይኸው አለ። አይሰበርም፣ አይልጥም፣ አይታጠፍም። ምሰሶ ነው። ይልቃል ከገዋኔ ወዲህ ባለው የጥጥ እርሻ መዳመጫ ማሽኑን እየጠገነ በወር ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ይበላ ነበር፤ ቤትና መኪና ሰጥተውት ነበር። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ያንን ጥሎ ባቡሩ ጋራዥ አንድ ጥግ ለመነና እግር ሠሪ ሆነ። እግራቸውን ፉርጎ የበላቸው፣ ትራክተር የበላቸው ሰዎች ከአዳይቱ ሳይቀር ይመጣሉ። «በእህቴ ምክንያት ነው የጀመርኩት» ይላቸዋል ለሁሉም። እኔም ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር። በእህቱ ምክንያት። እህቱ ግን ሽንት ቤት እንዴት እንደምትቀመጥ ጠይቆ አያውቅም። ማሰብ አያስፈልገውም፤ ወንድ ነው፣ ወንድም ነው። እግሬን ወደ ፊት እንደ መድፍ ዘርግቼ፣ ግድግዳ ይዤ ነው የምቀመጠው። ስቅለት ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሳ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፌ ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ። ዘጠኝ ስቅለት።

እነሐቢባ ሄደው ቁርስ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ለኔስ?» አልኩት።

«ምን ለአንቺ?»

«ጉልበት።»

ዳቦውን ሻይ ውስጥ እንደነከረ ቆየ። «እቴ፣ አንቺ እኮ ለመድሽው። ከኔ ከደህናው ቀድመሽ ጣቢያ ትደርሻለሽ። እሷ ገና ልክ ስወስድላት፣ ጋሼ፣ በዚህ እግር እንዴት ልስገድ አለችኝ። ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።»

«እኔም እሰግዳለሁ።»

«አንቺ መች ነገርሽኝ» አለና ሻዩን ጠጣ። ከዚያ የባሰውን አመጣ። «ዛሬ ለሰዎቹ የምትሄድላቸው እሷ ናት። ጉልበቱን ማየት አለባቸው። አንቺ ከኔ ጋር ትቆሚያለሽ።»

ሰዎቹ የሚላቸው ከአዲስ አበባ የሚመጡት ናቸው። አቶ ጥሩሰው የሚባሉ ባለሥልጣንና አንድ ፈረንጅ ሐኪም። ከወደዱት አዲስ አበባ ላይ ትልቅ አዳራሽ፣ አሥር ሠራተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ ማሽን ይሰጡታል። ካልወደዱት ባቡሩም ጥጉን ለዕቃ ይፈልገዋል፤ ይልቃልም ወደ መዳመጫው ይመለሳል። ይህን ቀን አምስት ወር ጠብቀነዋል። አምስት ወር ሙሉ «አንቺ ነሽ የምትሄጂላቸው» ሲለኝ ነው የከረመው። አሥራ ሁለት ብር አውጥቼ ሰማያዊ የቴትሮን ቀሚስ አሰፍቻለሁ። ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እሱም አይቶታል። ዳቦውን ጨርሶ እጁን አራገፈና «በይ ቀኑን ሙሉ ከሷ አትለይ» አለኝ። «ኪሱን የሰፋሽው አንቺ ነሽ። የሆነ ነገር ካጋጠማት ከኔ ይልቅ አንቺ ትለዪዋለሽ።» ቀሚሱን ለበስኩት። ለማን እንደሆነ እንጃ።

አንድ ነገር አለ፣ ይልቃል የማያውቀው። ጠዋት እግሬን ሳስር ከተቆረጠው በቀረው ጭኔ፣ በጉማጄ ላይ፣ አንድ የጥጥ ካልሲ አጠልቃለሁ፤ በገዛ እጄ ከፈትል የሠራሁት። ኪሱ ውስጥ ልክክ ይላል። ሲቆሙበት ሲሄዱበት ሲውሉ ግን ጉማጅ ይቀንሳል። ሰባት ስምንት ሰዓት ላይ ኪሱ ይሰፋል፣ እግሩ ውስጥ ለውስጥ መዞር ይጀምራል። ያኔ ሁለተኛ ካልሲ ይደረባል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይልቃል ልክ የሚወስደው ጠዋት ነው፣ የሚሞክረው ጠዋት ነው። ከፈረንጅ አገር ያስመጣው መጽሐፍ ጠዋት ይላል፤ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሁለት እግር ነበረው መሰለኝ። ያለን ከባድ ሥራ ሁሉ የሱ ነው፣ ስሙም የሱ ነው፣ ይህችን አንዷን ግን ጉማጄ ነገረችኝ። መጀመሪያ ነገር መስሎ አልታየኝም። ኋላ ላይ የኔ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ይኑረኝ ብዬ ተውኩት። ሌሎቹ እግር ለባሾች ያው ጠዋት ገበያ ደርሰው ቀኑን አውልቀው ነው የሚውሉት፤ ወይ በራሳቸው ደርሰውበታል፤ ወይ ዝም ብለው ያነክሳሉ። ሐቢባ ደግሞ ይህን እግር ከአንድ ሰዓት በላይ አድርጋው አታውቅም። ሁለተኛዋ ካልሲ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ዛሬ ደግሞ አንድ ትርፍ አለኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ይገባል የተባለው ኦቶራይ፣ ሰዎቹ ያሉበት የመንገደኛ ባቡር፣ አልገባም። ስድስትም ሆነ። ግንቦት ነው፣ አዋሽ ጣቢያ ሐዲዱ ላይ እንቁላል ይጠበሳል። ሴቶቹ ሎሚና ፓፓያቸውን ጨርቅ አልብሰው ከፉርጎ ጥላ ወደ ፉርጎ ጥላ ይሰደዳሉ። የቴሌግራም ሠራተኛው ጉግሳ ከክፍሉ ወጥቶ አንገቱን በመሐረብ ይጠርጋል።

«ጋሽ ጉግሳ፣ የት ደረሰ?» አልኩት።

«ከመተሐራ ወዲህ ግመል ገጭቶ ቆሟል። ባለግመሎቹ ሐዲዱ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ እስኪመጣ ይጠበቃል።»

«እስከ መቼ?»

«ሽማግሌው በእግሩ ነው የሚመጣው» አለ። «ባለሥልጣንሽም ከነከረባቱ እየቀለጠ ነው። ምነው ዛሬ ሰማያዊ በሰማያዊ ሆንሽ፣ ሚዜ ነሽ እንዴ?»

ሚዜ። ሐቢባን አየኋት። እግሯን አታወልቅም። አውልቂ ብላት ታወልቅ ነበር፤ አላልኳትም። ከጣቢያው ጫፍ እስከ ጫፍ ትመላለሳለች። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አምና ጥጥ ለቃሚ የጫነ ተጎታች ተገልብጦባት ነው እግሯን ያጣችው፤ ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጣችም ነበር። አሁን ሎሚ ሻጮቹ ፊት ሄደች። ጎንበስ አላለችም። ቁጢጥ አለች። ጉልበቱ ታጠፈ፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ እንደ ማንኛዋም ሴት ቁጢጥ ብላ ሎሚ እየጨመቀች ትመርጣለች። «አራት በአምስት ሳንቲም ካልሆነ እነሳለሁ» ትላለች። ተነሳች። ተመልሳ ቁጢጥ አለች። ሎሚውን አልፈለገችውም፤ ቁጢጥ ማለቱን ነው። ሎሚ ሻጭዋም ገብቷት ነው መሰል፣ ዋጋውን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያደረገች ታጫውታታለች። ሰው ሁሉ ያያታል፣ ይስቃል፣ ማሻ አላህ ይላል። እኔ ዘጠኝ ዓመት ከሎሚ ሻጭ ጋር ቆሜ፣ ከላይ ወደ ታች ነው የምከራከረው፤ «ኩሩ» ይሉኛል። ኩራት አይደለም፣ የማይታጠፍ እግር ነው የሚላቸው የለም።

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ላብ አጥምቋታል፣ ፊቷ ያበራል። ሎሚ ሰጠችኝ።

«እትዬ ይርገዱ» አለችኝ፣ «ያንን ደረቁን እስከ ዛሬ እንዴት ቻልሽው?»

ክፋት የለባትም። ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። ሎሚውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትኩት፣ ከካልሲዎቹ ጋር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጉግሳ ብቅ ብሎ ባቡሩ ተለቋል አለ። ይልቃል ሲሮጥ መጣ፤ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቷል፣ ኮት ለብሷል፣ በዚህ ሙቀት። «ደህና ናችሁ?» አለ፤ እኔን አላየም፣ የሐቢባን ጉልበት ብሎን አየ፣ አጠበቀ፣ ሮጦ ሄደ። ሐቢባ ተነሥታ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ጭኗን በቀሚሷ ላይ ዳበሰች።

«እትዬ ይርገዱ፣ ትንሽ ላላ አለኝ መሰለኝ። ዞር ዞር ይላል።»

የራሴን ቅድም ደርቤያለሁ፤ ትርፏ ካልሲ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ቦርሳው ጭኔ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መጋዘኑ ጀርባ ወስጄ፣ ፈትቼ፣ ደርቤ፣ አሥሬ እመልሳታለሁ። ይህን ሁሉ አሰብኩት። ቀሚሷን ገልጬ በወገቧ የሚዞረውን የቆዳ ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ሳብኩና «ማሰሪያው ነው» አልኳት። «አሁን ልክ ነው። ሂጂ።»

አመነችኝ። አመሰገነችኝም።

ኦቶራዩ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ሃያ ደቂቃ ነው የሚቆመው፣ ከዚያ ሰዎቹን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ይቀጥላል። አቶ ጥሩሰው ሲወርዱ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፤ ርቧቸዋል፣ ተናደዋል። ፈረንጁ ሐኪም ቀይ ሆኗል። ይልቃል መናገር ጀመረ፤ ስለ ብረቱ፣ የታጠፈውን ጉልበት መልሶ ስለሚያቃናው ጥምዝማዝ ሽቦ፣ ሰው በዚህ አገር ወንበር ላይ እንደማይኖር፣ መሬት ላይ እንደሚበላ፣ መሬት ላይ እንደሚጸልይ። ጥሩ ይናገራል፣ እውነቴን ነው። አቶ ጥሩሰው «እንያዋ» አሉ። ልጅቷ ስትሰግድ እናሳይ ተብሎ ነበር፤ እማማ ኡምሰልማ «ሶላት ለታይታ አይሰገድም» ብለው ከለከሉ። ስለዚህ መሐረብ መሬት ላይ ተጣለ፤ ሄዳ፣ ተንበርክካ፣ አንስታ ትመለሳለች። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። እኔ ቆጠርኩ። ሰባተኛው ላይ እግሩ ወደ ውጭ ሲዞር አየሁት። ሌላ ማንም አላየውም። ተንበረከከች፣ ጉልበቱ በደንብ ታጠፈ፣ ፈረንጁ «አሃ» አለ፣ መሐረቡን አነሳች። ስትነሣ እግሩ ኪሱ ውስጥ ዞሮ ጣቱ ወደ ኋላ ሆነ። በፊቷ ተደፋች። እጆቿን እንኳን አላስቀደመችም፣ መሐረቡን ይዛ ነበር። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ተገለበጠና የሰፋሁት ኪስ፣ ቀበቶው፣ ጉማጇ፣ ሁሉም ለጣቢያው ሰው ታየ። እማማ ኡምሰልማ ነጠላቸውን ወርውረው አለበሷት፣ ራሳቸውም ላይዋ ተኙ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ይደማል። አላለቀሰችም። አንዴ ቀና ብላ የፈለገችው እኔን ነበር፤ አገኘችኝ፣ ዓይኔን ወደ ሐዲዱ አዞርኩ።

አቶ ጥሩሰው ቆባቸውን በእጃቸው አዞሩ። «አቶ ይልቃል፣ ሐሳቡ መልካም ነው» አሉ። «ሰው ላይ ከማድረግዎ በፊት ግን…» አልጨረሱትም። «ለከርሞ እናየዋለን።» ፈረንጁ ቁጢጥ ብሎ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ አጠፈው፣ የሆነ ነገር በቋንቋው ተናገረ፤ ባቡሩ ጮኸ፣ የተረጎመው የለም። ሄዱ። ሐቢባን በጋሪ ወሰዷት። እግሩን ይልቃል ታቀፈው።

ቤት ስገባ በረንዳው ላይ ኮቱን ሳያወልቅ ጉልበቱን ይፈታል። ብሎኖቹን በኮፍያው ውስጥ ይጥላቸዋል። አጠገቡ መዶሻ አለ። ቆምኩ። ከጎረቤት የእህል ሽታ ይመጣል፣ የሆነ ሰው ምስር ያሳርራል።

«ሽቦው ነው» አለ ለራሱ። «ስትነሣ ገፍቷት ነው። የኔ ጥፋት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም ደረቁን ነው የምሠራው። ቢያንስ ሰው አይጥልም።» ሽቦውን አወጣና ደረጃው ላይ አስቀመጠው። መዶሻውን አነሣ።

ለሐቢባ ብዬ አይደለም የተናገርኩት። አልዋሽም። ያ ጉልበት ከተሰበረ እኔም የማላገኘው ስለሆነ ነው።

«ጉልበቱን አትንካው» አልኩት። «ምንም አልሆነም።»

«በምን አወቅሽ?»

በረንዳው ላይ ካለው ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። አዲሱን ቀሚስ ሰበሰብኩ፣ ቀበቶውን ፈታሁ፣ እግሬን አወለቅኩና ጉማጄን አሳየሁት። ካልሲዎቹን አንድ ባንድ ገፈፍኳቸው። ሁለት። ይልቃል አየ። ኢንጂነር ነው፣ ሁለት ቃል አላስፈለገውም።

«ጠዋት ስንት ነው የምታደርጊው?»

«አንድ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቢራ ሳጥኑ ጀምሮ።»

መዶሻውን አስቀመጠ። ለምን ደበቅሽኝ ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር፣ ረጅም መልስ፣ ዘጠኝ ዓመት ያለው። አልጠየቀም። ሌላ ነው የጠየቀው።

«ዛሬ እንደላላባት ታውቂ ነበር?»

«ነግራኝ ነበር።»

ፊቱን አላዞረም፣ አልጮኸም። ከኪሱ ሜትሩን አወጣና ጉማጄን ለካ። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። እጁ ቀዝቃዛ ነው። በወረቀት ጻፈ፤ ሰዓቱንም ጻፈ፣ አሥራ አንድ ከሩብ። ለማያውቃት ሴት እንደሚለካ ነው የለካኝ። ከዚያ የሐቢባን ጉልበት መልሶ ገጠመ፤ ሽቦውን፣ ብሎኖቹን፤ እግሩን አንሥቶ ሰጠኝ። «ውሰጂላት» አለ። «የሆነውንም አንቺ ትነግሪያታለሽ። እኔ አልነግራትም።»

የእነሐቢባ ቤት ከሐዲዱ ማዶ ነው። እግር ታቅፎ በእግር መሄድ ሰው ያስቃል፤ ሁለት ልጆች ተከተሉኝ። ሐቢባ አልጋው ላይ ናት፣ ከንፈሯ አብጧል። እማማ ኡምሰልማ በር ላይ ቆመው ግቢም አትግቢም አላሉኝም። ገባሁ። ቆሜ ነገርኳት፣ ባጭሩ። ካልሲ ይደረባል፣ አውቅ ነበር፣ አልሰጠሁሽም።

«ማሰሪያው ነው አላልሽኝም?» አለች።

«ብያለሁ።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

«ምን አድርጌሽ?»

«ምንም። ቀንቼ ነው።»

«በምኔ?»

እግሩን አሳየኋት። እሷ እግሩን አየች፣ እኔን አየች። ለመሳቅ ስትል ከንፈሯ አመማትና በእጇ ያዘችው። «እማ፣ ትሰሚያለሽ?» አለች። «በኔ እግር የቀና ሰው አለ።»

እማማ ኡምሰልማ አልሳቁም። «ልጄ እግሯን ያጣች ጊዜ አገር መጥቶ አለቀሰልን» አሉ። «አሁን ደግሞ የሚቀናብን መጣ። እሱም ከአላህ ነው። በይ ዕቃውን አስቀምጪና ሂጂ፣ የመግሪብ ሶላት ደርሷል።»

እግሩን አልጋው ሥር አቆምኩት። ካልሲዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ ላዩ ላይ አደረግኩ። ሐቢባ አልነካቻትም። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ተናገረች።

«ጉልበት ከፈለግሽ ራስሽ ጠይቂው። እኔ አልጠይቅልሽም።»

ስመለስ ይልቃል እንደተውኩት በረንዳው ላይ ነው። ኮቱን አውልቋል። ያቺን የልክ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በእርሳስ መስመር ያሰምርባታል፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ማዶ መስጊዱ ይጣራል። ደረጃው ላይ መቀመጥ ፈለግኩ፤ እግሬ መንገድ ይዘጋል፤ ቆምኩ። ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር የት እንደገባ አላውቅም።

«ለኔም የሚታጠፍ ሥራልኝ» አልኩት።

ራሱን ቀና አላደረገም። «ተራ ያዢ» አለኝ። «ከሐቢባ ቀጥሎ ሁለት ሰው አለ።»

«እነማን ናቸው?» አልኩት። «ካልሲያቸውን ልሥራ።»